የተቀማው መጽሐፍና መርማሪዋ ልጃገረድ

ባለፈው የልምምድ ማስተማር ወቅት ከመካከላችን አንዱ ስድስተኛ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር አንዲት ተማሪ ከዴስኩ ሥር ደብቃ መጽሐፍ ስታነብ አገኛት። ደብተሯን ከላይ ዘርግታለች፤ መጽሐፉ ጭኗ ላይ ነው። የዕለቱ ትምህርት የዐረፍተ ነገር ክፍሎች ነበር። ልጅቷ እንግዲህ ክፍሎቹን ትታ ዐረፍተ ነገሩን ራሱን እያነበበች ነበር ማለት ነው። ጓደኛችን መጽሐፉን ተቀበላት። ሽፋኑ የተላጠ፣ ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ዓይነት ልቦለድ ነው። «ዓርብ ወላጅሽን ይዘሽ መጥተሽ ትወስጃለሽ» አላት። ዕለቱ ሰኞ ነበር።

መጽሐፉ ግን የራሷ አልነበረም፤ ከሰፈር ሱቅ በቀን ሒሳብ የተከራየችው ነው። እስከ ዓርብ ድረስ ኪራዩ ቆጠረባት። ዓርብ እናቷ መጡ፣ ተነጋገሩ፣ የኪራዩንም ዕዳ እሳቸው ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ጸጥተኛ ሆነች፤ ደብተሯን ዘርግታ ሰሌዳውን ታያለች። ከዴስኩ ሥርም ምንም የለ። ጓደኛችን ይህን በግምገማው ስብሰባ ላይ የተረከልን እንደ ድል አድርጎ ነበር።

በስብሰባው ላይ በእንግድነት የተገኙ አንዲት በጡረታ ላይ ያሉ የቀድሞ አሠልጣኝ ነበሩ። እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መጽሐፉ ስለ ምን ነበር?» አሉት።

«እኔማ አላነበብኩትም።»

«አምስት ቀን ካንተ ዘንድ ሰንብቶ?»

ቤቱ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀጥለውም በልጅነታቸው እንዲሁ ከዴስክ ሥር ደብቀው ያነበቡትን መጽሐፍ አነሡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአሜሪካ መጽሐፍ ነው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ከ1962 ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ እንደነበር የታወቀ ነው። ከእነርሱ አንዷ ወደ አገሯ ስትመለስ ከተወቻቸው መጻሕፍት መካከል ናንሲ ድሩ የምትባል መርማሪ ልጃገረድ ታሪክ ይገኝ ነበር። መምህርታችን ከታሪኩ አብዛኛውን ረስተውታል፤ የማይረሱት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ሌቦች ናንሲን ቁም ሳጥን ውስጥ ሲቆልፉባት የልብስ መስቀያውን ዘንግ ነቅላ በሩን ለመፈንቀል መታገሏ ነው። ሁለተኛው ከመጽሐፉ ውጭ ያለ ነገር ነው፤ «መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ የእንግሊዝኛ ገጽ ገልብጬ ያለፍኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ማንበቤን ረስቼው ነበር» አሉ።

ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት የተጀመረውን ውይይት ተከትለን ያደረግነው ጥናት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በመጀመሪያ የናንሲን ደራሲ ፈለግን። በሽፋኑ ላይ ካሮላይን ኪን ይላል። ካሮላይን ኪን የምትባል ሴት ግን በዓለም ላይ ኖራ አታውቅም! ምስጢሩ እንዲህ ነው። ኤድዋርድ ስትራተማየር የተባለ አሜሪካዊ በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የልጆች መጽሐፍ የሚመረትበት ድርጅት አቋቋመ። ድርጅት ያልነው አውቀን ነው። ስትራተማየር የታሪኩን ንድፍ በጥቂት ገጽ ይጽፋል፤ ንድፉን ለቅጥር ጸሐፊ ይልካል፤ ጸሐፊው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጽሐፍ አድርጎ ይመልሳል። ክፍያው ቁርጥ ነው። ጸሐፊው በመጽሐፉ ላይ መብት የለውም፤ መጻፉንም ለማንም እንዳይናገር ይፈርማል። ስሙ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ አንዱ ጸሐፊ ቢሄድ ሌላው ይተካል፤ ካሮላይን ኪን አታረጅም፣ አትታመም፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ አትል!

የመጀመሪያዎቹ ሦስት የናንሲ ድሩ መጻሕፍት በሚያዝያ 1930 ባንድ ጊዜ ወጡ። ሦስት የሆኑበት ምክንያት ንግድ ነው፤ ልጅቷ አንዱን ከወደደች ሁለተኛውን ፍለጋ እንዳትንከራተት ነው። ዋጋቸው 50 ሳንቲም ነበር። ስትራተማየር መጻሕፍቱ በወጡ በሳምንታት ውስጥ፣ በግንቦት 1930 ስለሞተ የልፋቱን ውጤት አላየም። ሥራውን ልጆቹ ወረሱ፤ በተለይ ሃሪየት አዳምስ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1982 መራችው።

ለመሆኑ ማን ጻፈው? ሚልድረድ ኦገስቲን የምትባል የ24 ዓመት ወጣት ናት፤ በኋላ ሚልድረድ ቤንሰን ተብላ የታወቀችው። በአዮዋ ክፍለ ግዛት ላዶራ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዳ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት የተማረች ናት። ለአንድ መጽሐፍ 125 ዶላር ይከፈላት ነበር። የኢኮኖሚው ቀውስ በረታ ተብሎ ክፍያው ሲቀነስባት፣ «እንግዲያው አልጽፍም» ብላ ሦስት መጽሐፍ አሳለፈች። ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውንና ዐሥረኛውን ሌላ ሰው ጻፋቸው። ያም ሆኖ ከመጀመሪያዎቹ 30 መጻሕፍት 23ቱ የእሷ እጅ ሥራ ናቸው። ምስጢሩ ለሕዝብ ገሃድ የወጣው ከ50 ዓመት በኋላ በ1980፣ አሳታሚዎች እርስ በርስ ተካሰው እሷ በምስክርነት ስትቀርብ ነው። ፍርድ ቤቱ ነው እንግዲህ የመርማሪዋን ልጅ ደራሲ መርምሮ ያገኘው። ሚልድረድ በ2002 በ96 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ በቶሊዶ ከተማ ለሚታተም ጋዜጣ ዐምድ ትጽፍ ነበር፤ አውሮፕላን ማብረርም ተምራ ፈቃድ አውጥታለች። የናንሲ ድፍረት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ቢኖር ይህን ያስብ።

ወደ መጻሕፍቱ እንግባ። ናንሲ ሪቨር ሃይትስ በምትባል በካርታ ላይ በሌለች ከተማ ትኖራለች። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ ካርሰን ድሩ ጠበቃ ነው፤ ቤቱን የምትይዘው ሐና ግሩን ናት። ናንሲ ሰማያዊ መኪና ትነዳለች። አባቷ በከባድ ጉዳይ ያማክራታል፤ ፖሊሶች ያመሰግኗታል፤ «የት ዋልሽ፣ ከማን ጋር አመሸሽ» ብሎ የሚቆጣት የለም። የአሜሪካ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 መሆኑን፣ መጽሐፉ የወጣውም ሰው ከሥራ በሚፈናቀልበት በ1930 መሆኑን ብናስታውስ የልጃገረዶቹ ልብ ለምን እንደተሰቀለ ይገባናል። አገሩ ዳቦ ሲቸገር የናንሲ መኪና ቤንዚን አያልቅበትም።

ለእኛ ለመምህራን የበለጠ የሚጠቅመን ግን አሠራሩ ነው። መጀመሪያ ሲወጡ መጻሕፍቱ 25 ምዕራፍ ነበራቸው። ምዕራፉ የሚያልቀው በሩ ሲንኳኳ ነው እንጂ ያንኳኳው ሰው ከታወቀ በኋላ አይደለም። ስለዚህ ልጅቷ መብራት አጥፊ ስትባል «አንድ ገጽ ብቻ» ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ናንሲ ማን እንደሆነች፣ አባቷ ምን እንደሚሠራ፣ ከዚህ በፊት የትኛውን ምስጢር እንደፈታች በየመጽሐፉ ይደገማል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቀጣዩ መጽሐፍ በስሙ ይጠቀሳል። ትልቅ ሰው በድግግሞሹ ይሰለቻል። ለጀማሪ አንባቢ ግን ድግግሞሹ ምርኩዝ ነው። ሰዎቹን ያውቃቸዋል፤ ቤቱን ያውቀዋል፤ «ፍንጭ»፣ «ኑዛዜ»፣ «ተጠርጣሪ» የሚሉት ቃላት በአንደኛው መጽሐፍ ቢያመልጡት በሦስተኛው ይይዛቸዋል። ስለዚህ ኃይሉን ሁሉ በአዲሱ ነገር ላይ ያውላል። ሁለተኛ ቋንቋ በሚማር ሰው ላይ ይህ ይበልጥ ይሠራል። ስቲቨን ክራሸን የተባለው የቋንቋ ትምህርት ምሁር በ1981 ያቀረበው ሐሳብም ይኸው ነው፤ ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት ከመቃረም ይልቅ የአንድ ደራሲ ወይም የአንድ ጉዳይ ጽሑፎችን በብዛት ማንበብ ቋንቋን ያስለምዳል ይላል። መምህርታችን መዝገበ ቃላቱን የዘጉት በተአምር አልነበረም።

ታዲያ ቤተ መጻሕፍቶቹና መምህራኑ እነዚህን መጻሕፍት እንዴት ተቀበሏቸው? አልተቀበሏቸውም። ገና ናንሲ ሳትወለድ በ1914 የአሜሪካ ቦይ ስካውት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ፍራንክሊን ማቲውስ ባወጣው ጽሑፍ፣ ርካሽ ተከታታይ መጻሕፍት የልጅን አእምሮ እንደ ፈንጂ ያፈራርሳሉ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የናንሲ ድሩን መጻሕፍት ለአሠርት ዓመታት አልገዙም። ልጆቹ ግን ተዋውሰው፣ ተለዋውጠው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው በባትሪ ብርሃን አነበቧቸው። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተቀመጡት ሴት ዳኞች መካከል ሳንድራ ዴይ ኦኮነር፣ ሩት ቤደር ጊንስበርግና ሶንያ ሶቶማየር ሦስቱም በልጅነታቸው የናንሲ ወዳጆች እንደነበሩ በይፋ ተናግረዋል። ከዚህ ተነሥተን ናንሲን ያነበበች ሁሉ ዳኛ ትሆናለች አንልም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ ከዳኛ በቀር ሰው ባልኖራትም ነበር። የፈንጂው ትንቢት አለመድረሱን ግን ማየት ይቻላል። ካትሪን ሼልድሪክ ሮስ የተባለች ካናዳዊት የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ምሁር ለደስታቸው ብዙ የሚያነቡ ጎልማሶችን ስለ ንባብ ሕይወታቸው ጠይቃ በ1995 ባሳተመችው ጥናት፣ ብዙዎቹ በልጅነታቸው በተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ያለፉ መሆናቸውን አሳይታለች። መንገዱ ላይ የተናቀው ድልድይ እሱ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ስናነብ ደስ ብሎን ነበር። ደስታችንን ያደፈረሰው ራሳቸው መምህርታችን ናቸው። ውይይቱ ከተደረገ በኋላ አሜሪካ ያሉ ዘመዳቸው ያን የልጅነት መጽሐፍ፣ የአሮጌውን ሰዓት ምስጢር፣ ገዝተው ላኩላቸው። ቁጭ ብለው አነበቡት። ናንሲ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፋ ከዘንጉ ጋር የምትታገልበት ላይ ሲደርሱ ልጅነታቸው መጣላቸው። በሚቀጥለው ገጽ ግን የቤቱ ጠባቂ ይመጣል። ጠባቂው ጥቁር ነው። ሰክሯል፤ ሌቦች ያታለሉት ጅል ተደርጎ ቀርቧል፤ አነጋገሩም አንባቢን ለማሳቅ ሆን ተብሎ ተሰባብሮ ተጽፏል። መምህርታችን መጽሐፉን ይዘው ወደ እኛ መጡ። «ይህ ሰው እኔ ባነበብኩት ውስጥ አልነበረም» አሉ። «ወይስ ነበረና ልጅ ሆኜ አልታየኝም? እሱ እኔን መስሎ ሳለ እኔ ከነጭዋ ልጅ ጋር ሆኜ ስቄበት ይሆን?»

ይህን ጥያቄ በዋዛ ልናልፈው አልቻልንም። መልሱን ያገኘነው ከኅትመቱ ታሪክ ነው። ሃሪየት አዳምስ ከ1959 ጀምሮ የቆዩትን መጻሕፍት እንደገና አስጽፋለች። ርእሱ ያው፣ የደራሲዋ ስም ያው፣ ውስጡ ግን ሌላ! ምዕራፎቹ ከ25 ወደ 20 ወረዱ፤ ናንሲ ከ16 ዓመት ወደ 18 ከፍ አለች፤ ዘርን የሚያንቋሽሹት ቦታዎችም ተነሡ። ጠባቂው በአዲሱ ጽሑፍ የማይሰክር ሽማግሌ ነጭ ሆነ። በ1930 የታተመው የመጀመሪያው ጽሑፍ ደግሞ የድሮውን ለሚናፍቁ ሰዎች ሲባል ከ1991 ጀምሮ እንደነበረ እየተባዛ ይሸጣል። መምህርታችን በልጅነታቸው ያነበቡት የታደሰውን ነው፤ ዘመዳቸው የላኩላቸው የጥንቱን ነው። ትዝታቸው አልዋሸም።

ይህን ስንነግራቸው እፎይ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። «ስድቡን አንሥተው ሰውየውንም አብረው አነሡት?» አሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ጥቁሩ ጠባቂ የማይሰክርና ብልህ ሆኖ በቦታው ሊቆይ ይችል ነበር። እርማቱ የቀለለው ግን እሱን ከታሪኩ በማስወጣት ነው። የጥንቱን ያነበበች ጥቁር ልጅ ራሷን ተዋርዳ አገኘች፤ የታደሰውን ያነበበችው ደግሞ ፈልጋ አጣች። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ እኛው ዘንድ ስምምነት የለም። ግማሾቻችን የጥንቱ ከነነውሩ ይቅረብና መምህሩ ያስረዳ እንላለን፤ ሌሎቻችን ዐሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ስታነብ መምህሩ ከጎኗ የለም፣ ስድቡን ብቻዋን ነው የምትጋፈጠው እንላለን። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ወደ ሁለተኛው እናደላለን።

ከዚህ ሌላም ነገር ተማርን። በአሜሪካ አያትና የልጅ ልጅ ስለ አንድ ርእስ መጽሐፍ ቢያወሩ አያቲቱ የምትናፍቀው ሌላ፣ የልጅ ልጇ ያነበበችው ሌላ ነው፤ ሁለቱም ግን ናፍቆታቸው እውነት ነው። በ1993 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ስለ ናንሲ ድሩ ጉባኤ ሲደረግና ሚልድረድ ቤንሰን በክብር ስትጠራ፣ የተሰበሰቡት አንባቢዎች የተለያየ ትውልድ ሰዎች ነበሩ። ባንድ ስም የጠሩት የተለያየ ጽሑፍ ነው። እንግዲያው ትልቅ ሰው የሚናፍቀው ምኑን ነው? ወረቀቱን ካልን ወረቀቱ ተለውጧል። ታሪኩን ካልን መምህርታችን ኑዛዜው የማን እንደነበር እንኳ አያስታውሱም። የሚያስታውሱት በሩን ሲፈነቅሉ የነበሩትን እጆችና መዝገበ ቃላቱ የተዘጋበትን ቀን ነው። የሚናፍቁት ያቺን አንባቢ ልጅ ይመስለናል።

እግረ መንገዳችንን፣ እነማርጋሬት ሰተንን አለማንሣት ግፍ ይሆናል። ሰተን ጁዲ ቦልተን የምትባለውን መርማሪ ከ1932 እስከ 1967 በ38 መጽሐፍ የጻፈች ናት። የመጀመሪያውን መጽሐፍ የመሠረተችው በ1911 በፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት ኦስቲን ከተማ ላይ ከፈረሰው ግድብ ታሪክ ነው። ናንሲ ዘላለም ልጃገረድ ስትሆን ጁዲ ታድጋለች፤ ታገባለችም። እኛን ብትጠይቁን ጁዲ ትበልጣለች። ዝናው ግን የናንሲ ነው፤ ምን ይደረግ!

አሁን ወደ ክፍላችን እንመለስ። ናንሲን በየትምህርት ቤቱ እናስገባ የሚል ሐሳብ የለንም፤ መጽሐፉም በየቦታው አይገኝም። በእጅ ያለው በሱቅ የሚከራየው የአማርኛ ልብ አንጠልጣይ ነው። ይህም ሁሉ ለልጅ የሚሆን አይደለም፤ ለጎልማሳ የተጻፈውን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ስናገኝ ዝም እንበል አንልም። ዳሩ ግን ይሆናታል አይሆናትም ለማለት መጽሐፉን መክፈት ያስፈልጋል። ጓደኛችን ሽፋኑን ብቻ አይቶ ፈረደ። ሃያ ገጽ አንብቦ ቢሆን ኖሮ፣ ወይ «ይህን ትተሽ ይህን አንብቢ» ብሎ ሌላ ይሰጣት ነበር፣ ወይ ደግሞ «ዕረፍት ሲደርስ ጨርሺውና ገዳዩ ማን እንደሆነ ትነግሪኛለሽ» ይላት ነበር።

በክፍል ውስጥ ልንሞክረው ያሰብነው ሥራም አለ። አንድ ምዕራፍ ድምፅ ከፍ አድርጎ አንብቦ በሩ ሲንኳኳ መጽሐፉን መዝጋት ነው። ከዚያ «ማን ነው ያንኳኳው?» ብሎ መጠየቅ። መላምት ብቻ አይበቃም፤ ተማሪው ከተነበበው ውስጥ ማስረጃውን አውጥቶ ያሳይ። እኛ በስድስተኛ ክፍል «ፍሬ ነገሩን አውጡ» እያልን በግድ የምናስተምረውን፣ ልጆቹ በዚህ መንገድ እየተሻሙ ያደርጉታል ብለን እንገምታለን። የዐረፍተ ነገር ክፍሎችም ቢሆኑ እዚያው ውስጥ አሉ። ከፍ ላሉት ክፍሎች ደግሞ የአንድን ታሪክ ሁለት አነጋገር ጎን ለጎን አቅርቦ «በሁለተኛው የጠፋው ማን ነው?» ብሎ ማወያየት ይቻላል። ለዚህ መምህርታችን የተላከላቸውን መጽሐፍ ሊያውሱን ፈቅደዋል፤ የታደሰውን ቅጂ ግን እስካሁን አላገኘንም። ያለው ሰው ቢያውሰን ውለታ ነው።

ጓደኛችን ስሙ እንዳይጻፍ ለምኖናል፤ አልጻፍንም። ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ሱቅ ሄዶ ያንኑ መጽሐፍ ተከራይቷል። ባለሱቁ «ይህ መጽሐፍ አንድ ጊዜ አስተማሪ ወስዶብኝ ነበር» ብለው መያዣ አስይዘውታል። አሁን ምዕራፍ ሰባት ላይ ነው፤ በምሳ ሰዓትም አናገኘውም። ልጅቷን ሄዶ ሊያነጋግራት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ግን ልጨርሰው ብሏል፤ ከጠየቀችው የሚመልሰው እንዲኖረው ነው።